ለኤክስ ሰባት፣ ለአሥራ አራቱ ባዶ

ሰው ባለማወቁ አይዋረድም። የማያውቅ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ደግሞ አዋቂ ይመስላል። የሚዋረደው ግማሹን የሚያውቅ ነው። እኔ ግማሹን ያወቅሁት ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከኦቾሎኒ ሻጭ ነው።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። ከገዳሪፍ በጭነት መኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መጠለያ ውስጥ ነበርን፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ አለሚቱና የአራት ዓመት ልጇ ብርቱካን። አንዳንድ ቀን ጆንያ ለማውረድ ወደ ገዳሪፍ እንሄዳለን። እንዲህ ባለ ቀን ሐጂ ሰይድ ከሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ ፊት አንድ ጥቅል ኦቾሎኒ ተቀበልሁና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከላይ ቁጥር፣ ከታች ቁጥር፣ በመካከል መስመር። ቀጥሎ የእኩል ምልክት። ከእሱ ማዶ ደግሞ ሌላ የላይና የታች ቁጥር። በሁለቱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስቀል ተሰምሯል።

ትምህርት ቤት የዘለቅሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርሁ። የስንዴ ጆንያ ጀርባ አንብቤያለሁ። የመድኃኒት ብልቃጥ አንብቤያለሁ፤ በምሥራቅ ሱዳን ካለ ስደተኛ ሁሉ የሳል ሽሮፕ በምን ዓይነት ቦታ መቀመጥ እንዳለበት እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። የሚያስል ሰው ሞልቶ፣ ሽሮፑ ነው ያልነበረው።

«ሐጂ፣ የዚህ መጽሐፍ ቀሪው የት አለ?» አልኋቸው።

«ሰው ፍሬውን በልቶ ወረቀቱን ይጥላል፤ አንተ ፍሬውን ትተህ ወረቀቱን ትለቅማለህ? ወላሂ፣ ረሃብ የማያሳየው ጉድ የለም!»

ሁለት ጆንያ ኦቾሎኒ ፈልፍዬ ስጨርስ የተረፈውን ሊሰጡኝ ተስማሙ። ሁለተኛውን ጆንያ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ። ሐጂ እጃቸውን ሰድደው ከመጽሐፉ መካከል አንድ ቅጠል ቦጨቁና ጠቀለሉለት። ገጽ ስድሳ አንድና ስድሳ ሁለት ነበር። ሹፌሩ እየቆረጠመ ወደ ከሰላ ነዳ። እኔም በዓይኔ ሸኘሁትና፣ «በአንድ ቅጠል ምን ይጎድላል?» አልሁ። ይህን ቃሌን ያዙልኝ።

በመስቀል ማባዛትን በሦስት ቀን ቻልሁት። የግራውን ላይ በቀኙ ታች፣ የቀኙን ላይ በግራው ታች። ያልታወቀው ቁጥር ኤክስ ይባላል፤ የትም ቢደበቅ በመስቀል ይወጣል። ሰይጣንም በመስቀል ነው የሚወጣ ብዬ፣ ነገሩ ከሃይማኖታችን ጋር መስማማቱ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ አሰላ ጀመር። አፌ ዝምተኛ ነው፤ ጣቴ ግን አፈር ላይ መጻፍ አይሰለቸውም።

አንድ ቀን የመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ልመንህ ከኋላዬ ቆመ። አቶ ልመንህ አገር ቤት የምን ጸሐፊ እንደነበረ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሁለት እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ይሰካል፣ አንደኛው አይጽፍም። የራሽኑ መዝገብ በእሱ እጅ ነው። በመዝገቡ ላይ መንገድ የቀሩ ሰዎች፣ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች፣ ፈጽሞ ያልተወለዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ሁሉም እህላቸውን በየወሩ በታማኝነት ይወስዳሉ። ድንኳን ውስጥ ተኝቶ የሚያቃስተው ግን «አልተሰለፈም» ተብሎ ይሰረዛል።

«አንተ ልጅ፣ ሒሳብ ታውቃለህ መሰለኝ» አለኝ። «መጸዳጃ ጉድጓድ ልናስቆፍር ነው። አራት ሰው በስድስት ቀን ይጨርሰዋል። ስምንት ሰው ባሰማራ በስንት ቀን ያልቃል?»

አራት በስድስት ላይ፣ ስምንት በኤክስ ላይ። መስቀሌን አሰመርሁ። አራት ኤክስ አርባ ስምንት ሆነ። «በአሥራ ሁለት ቀን» አልሁ።

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀብኝ። እኔም ሰው በተጨመረ ቁጥር ቀኑ ለምን እንደሚረዝም አልገባኝም፤ ግን መጽሐፍ ከሰው ሳቅ ይበልጣል ብዬ ቃሌን አላጠፍሁም። ስምንቱ ሰዎች ተሰማሩ። አንደኛውን ቀን አለቃው ማን ይሁን ሲሉ ዋሉ። ሁለተኛውን ቀን በየደብራቸው ተቧድነው አራቱ በስተምሥራቅ፣ አራቱ በስተምዕራብ ሁለት ጉድጓድ ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን አንዱ ወገን ያወጣውን አፈር በሌላው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚደፋ ተደረሰበት። ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ፣ ሥራው ልክ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ።

«ይህ ልጅ የሰውን ጠባይ ሁሉ አስልቶ ነው!» አለ አቶ ልመንህ። የተሳሳተ ስሌት እውነት የሆነበት ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ስሜ ወጣ። በማግሥቱ ለከሱ ልጆች ወተት የሚታደልበት ዳስ ሒሳብ ሠሪ ሆንሁ።

እሺ ያልሁት ለክብር ብቻ አይደለም። አለሚቱ ወባ ይዟት ተኝታለች፤ ብርቱካንም ከእናቷ ጎን ናት። የልጆችን ክንድ በሚለካው ጥብጣብ ላይ ብርቱካን ከአስጊው ቀይ ወደ ቢጫው ከተሻገረች ገና ሳምንቷ ነው። የአቶ ልመንህ ሕግ ደግሞ ያልተሰለፈ አይጠጣም ይላል። የዳሱ ሠራተኛ ግን አንድ ኩባያ ወደ ድንኳኑ መውሰድ ይፈቀድለታል። ያችን ኩባያ ነው የፈለግሁት።

ዳሱን የምትቆጣጠረው ሲት ነፊሳ የምትባል ሱዳናዊት ነርስ ናት፤ ሲት ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሕጓ አንድ ነው፤ ለሰባት ጣሳ ውሃ ሁለት ጣሳ የወተት ዱቄት። በጣቶቿ ሰባትና ሁለት ታሳያለች። ከቀጠነ ልጁ አያገግምም። ከወፈረ ሆዱ አይችለውም፤ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ እንዲህ የከሳ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ... እዚህ ላይ ቃል ትተውና በአገጯ ወደ በሽተኞች ድንኳን ትጠቁማለች። ከእኛ በላይ ባለው ዳስ አንድ ጊዜ አወፍረውት፣ ያን ሳምንት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን አውቄ ነው የገባሁበት።

ወተቱን የምታማስለው እትየ ድንቄ ነበረች፤ መተማ ላይ ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች ሴት። መጠጥ የተከለከለበት ሱዳን ምድር ከገባች ወዲህ ጠላ የምትለዋን ቃል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገራት። ማንበብ አትችልም። የሲት ነፊሳን ሕግ ግን በራሷ መንገድ ይዛዋለች። ውሃ ስትጨምር በየጣሳው፣ «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ...» ትልና እሁድ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ሁለት ጣሳ ዱቄት፤ «አንድ ለአዳም፣ አንድ ለሔዋን።» ሳምንቱ ሲሞላ አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። በርሜሉ አሥር ሳምንት ነው የሚይዘው፤ አሥረኛው ላይ ውስጡን በምስማር ምልክት አድርጋበታለች።

እኔ ይህን ሳይ አፍሬላት ነበር። ኤክስ በሚታወቅበት ዘመን ወተት በአዳምና በሔዋን ይለካል? ምንም አልተናገርሁም፤ ዝምተኛ ነኝ አላልሁም? በሆዴ ነው የናቅኋት። የዝምተኛ ሰው ንቀት እንደ ጓያ ነው፤ ቆይቶ ራሱን ነው የሚያሽመደምደው።

የምዋረድበት ቀን ደረሰ። ሲት ነፊሳ ለመድኃኒት ጉዳይ ገዳሪፍ ሄዳ እስከ ቀትር አትመለስም። አቶ ልመንህ ግን እንግዶች መጠለያውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ከጧት ጀምሮ እስክሪብቶዎቹን እየነካካ ይንጎራደዳል። ውሃ የጫነው ቦቴ መጥቶ በርሜሉን እስከ ምልክቱ ሞልቶ ሄዷል። ሰባ ጣሳ። እትየ ድንቄ ዱቄቱን ብቻ እየጨመረች ነው፤ ለአዳም፣ ለሔዋን፣ ጠጠር። ሰባት ጠጠር ላይ ስትደርስ አቶ ልመንህ እጇን ያዘው።

«ቆዪ! እንግዶቹ ሲመጡ ይቺን አዳምና ሔዋንሽን ሊሰሙ ነው? እስካሁን ስንት ጣሳ ጨመርሽ?»

«ሰባት ሳምንት።»

«ሴትዮ፣ ጣሳ ነው ያልሁሽ!»

«አሥራ አራት ነው» አልሁ እኔ፤ ቆጥሬ ነበር።

«ስንት ይቀራል?»

«ሦስት ሳምንት» አለች እትየ ድንቄ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሒሳብ ሠሪው አለ።» ወደ እኔ ዞረ። «በካርቶን ላይ በትልቁ ሥራው። እንግዶቹ እንዲያዩት እንሰቅለዋለን።»

ከሰል አነሣሁ። የሚጨመረው ዱቄት አይታወቅም፤ ኤክስ ነው። ውስጥ ያለው አሥራ አራት ነው። ኤክስና አሥራ አራት አንድ ላይ በቅንፍ፣ በሰባ ላይ። ይህ ከሁለት በሰባት ላይ ጋር እኩል ይሆናል። እስካሁን እንከን የለውም፤ ዛሬም ቢሆን እፈርምበታለሁ። በመስቀል አባዛሁ። በአንድ ወገን ሰባት፣ ከጎኑ ቅንፍ፣ በቅንፉ ውስጥ ኤክስና አሥራ አራት። በሌላው ወገን መቶ አርባ።

ቅንፉ ላይ ቆምሁ። መጽሐፌ ገጽ ስድሳ ላይ ቅንፉን ይዘጋል፤ ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ ቅንፉ ተከፍቶ፣ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ይታያል። እንዴት እንደተከፈተ የሚናገረው ቅጠል ከሰላ መንገድ ላይ ተጥሏል። ሰባቱ በቅንፉ ደጅ ቆሟል። በደጁ ቅርብ የሆነው ኤክስ ነው። እንግዲህ ሰባቱ የኤክስ ነው፤ አሥራ አራቱ ከበስተኋላ እንዳለ ይወጣል አልሁ። ሰባት ኤክስ ሲደመር አሥራ አራት፣ መቶ አርባ። አሥራ አራቱን ቀነስሁ፤ መቶ ሃያ ስድስት። ለሰባት አካፈልሁ። አሥራ ስምንት! ያለ ቀሪ!

እናንተ ስሕተት ሁልጊዜ ተንጋዶ፣ ክፍልፋይ ተሸክሞ የሚመጣ ይመስላችኋል። የኔ ስሕተት ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ ነው የመጣ። እንዲያውም ጠንቃቃ ነኝና መቶ ሃያ ስድስትን ለሰባት ማካፈሌ ትክክል መሆኑን ሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ አረጋገጥሁ። ቤቱ ሲቃጠል የበሩን ቁልፍ የሚወለውል ሰው ካላያችሁ፣ እኔን እዩ።

«አሥራ ስምንት ጣሳ» አልሁ።

እትየ ድንቄ ጠጠሮቿን አየች። «አሥራ ስምንት ዘጠኝ ሳምንት ነው። ሰባት አድርሻለሁ፤ ዘጠኝ ሲጨመር አሥራ ስድስት ሳምንት። ውሃው የአሥር ሳምንት ነው። የስድስቱን ሳምንት ውሃ ማን ጠጣው?»

«ሳይንስ ነው!» አለ አቶ ልመንህ። «ይህ ልጅ የጉድጓዱን ቀን የተናገረ ልጅ ነው።»

«እሱማ ጉድጓድ ነው። ይህ የልጆች ሆድ ነው።»

አቶ ልመንህ ጣሳውን ቀማትና ራሱ ይሰፍር ጀመር። እኔ ቆጠርሁለት። ስምንተኛው ላይ ማማሰያው ከበደ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ዱቄቱ ጓል ጓል መሥራት ጀመረ። አሥራ ስምንተኛው ሲገባ አቶ ልመንህ ማማሰያውን ለቀቀው፤ ማማሰያው ማንም ሳይዘው ትንሽ ቆሞ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተጋደመ።

«ወተት ማለት ይህ ነው!» አለ።

ከሁሉ የከፋው የተሰለፉት እናቶች ደስታ ነበር። «ዛሬስ ወተት ወተት መሰለ፤ እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል። ለእኔ! የምሥጋናውን መዓት አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ። ለብርቱካን የምወስድበትን ኩባያ ከወገቤ ፈትቼ ልቀዳ ጠጋ አልሁ።

እትየ ድንቄ ክዳኑን ከድና በርሜሉ ላይ ወጣችና ተቀመጠች።

«አልቀዳም» አለች። «ውረጂ ያለኝን ሰው ይህ ማማሰያ ያነጋግረዋል። አንተ ልጅ፣ ና እስኪ። ማንበብ አልችልም፤ ያንን የጻፍኸውን ንገረኝ። እነዚህ ሁለት ቆልማማዎች ምንድን ናቸው?»

«ቅንፍ ይባላል፣ እትየ። በአንድ ላይ ያሉትን ይይዛል።»

«እንደ ድንኳን?»

«እንደ ድንኳን።»

«ውስጡ እነማን አሉ?»

«ኤክስና አሥራ አራት።»

«ኤክስ የሚሉት አለ?»

«ገና የለም። የሚመጣ ነው።»

«አሥራ አራቱስ?»

«አለ። አንቺ የጨመርሽው ነው።»

«በደጅ የቆመው ሰባትስ?»

«የሚታደል ነው።»

«ለማን አደልኸው?»

ካርቶኑን እንደገና አየሁት። ከሰሉ በእጄ ላይ ነበር። «ለኤክስ» አልሁ።

እትየ ድንቄ ወደ ሰልፉ ዞረች። «ሰማችሁ? ድንኳኑ ደጅ ደርሶ፣ ለሌለው ሰባት ሰጥቶ፣ ላለው ባዶ! አያ ልመንህ፣ ይህን ልጅ መዝገብህን ነው እንዴ ያስጠናኸው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ሕመምተኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ልመንህ የማይጽፈውን እስክሪብቶ አውጥቶ አንድ ነገር ሊጽፍ ሞከረ። እኔ ግን ሳቁን እየሰማሁ አልነበረም። በእጄ ያለችውን ኩባያ አየሁ። ለብርቱካን ልወስድላት የነበረውን አየሁ። ካርቶኑን ገልብጬ መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

ሰባት ለኤክስ። ሰባት ለአሥራ አራቱም፤ ዘጠና ስምንት። ከመቶ አርባ ዘጠና ስምንት ሲቀነስ አርባ ሁለት። ለሰባት ሲካፈል ስድስት።

«ስድስት ጣሳ ነበር» አልሁ።

«ሦስት ሳምንት» አለች እትየ ድንቄ፣ ከበርሜሉ ላይ ሳትወርድ።

አሁን በርሜሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ጣሳ ዱቄት አለ፤ መድፋት ኃጢአት ነው፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት ከኃጢአትም ይብሳል። ስንት ውሃ ቢጨመር ይስተካከላል? እንደገና ኤክስ፣ እንደገና ቅንፍ። ይህን ጊዜ ቅንፉ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እየጠራሁ አደልሁ። አርባ ሁለት ጣሳ ወጣ።

«እንግዲያ ስድስቱን ሳምንት አምጣ» አለች። «ከሰኞ ጀምር።»

ቦቴው ሄዷል። የተጣራው ውሃ ያለበት ታንከር ከመጠለያው ወዲያ ጫፍ ነው። በባልዲ እየቀዳሁ ተመላለስሁ። በጣሳ እየሰፈርሁ ስጨምር ጮክ ብዬ እንድቆጥር አዘዘችኝ። እኔ፣ ኤክስን በመስቀል የማስወጣው ሰው፣ መቶ ሰው በሚያይበት «ሰኞ፣ ማክሰኞ» እያልሁ ቆጠርሁ። ተሳስቼ ሐሙስን ስዘልል ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ሐሙስ!» ይለኛል። ከላይኛው ዳስ ባዶ በርሜል ተንከባሎ መጥቶ ወተቱ ለሁለት ተከፈለ። ጓሉን እትየ ድንቄ በመዳፏ ፈተፈተችው።

ቆጠራዬ አራተኛው ሳምንት ረቡዕ ላይ ሲደርስ እንግዶቹ ደረሱ። አቶ ልመንህ ቀድሞ ወጣ።

«ትናንት ሰባ ጣሳ ነበር» አላቸው። «ዛሬ በሒሳብ ኃይል ወደ መቶ አሥራ ሁለት እያደረስነው ነው።» ካርቶኑን በተሳሳተው ፊቱ አዙሮ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። አንደኛው እንግዳ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈው። ዱቄቱ ከሃያ ወደ ሠላሳ ሁለት መውጣቱን የጠየቀ አልነበረም። በአድናቆት የሚነቀነቅ ራስ እንደ ደወል ነው፤ ውስጡ ባዶ ባይሆን አይደወልም።

ሲት ነፊሳ ቀትር ላይ ተመለሰች። በማንኪያ ቀመሰች። ሁለቱን በርሜሎች አየች፣ እኔን አየች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ያለውን ጭቃ አየች። «ሰባት፣ ሁለት?» አለች በጣቶቿ። እትየ ድንቄ ራሷን ነቀነቀች። «ተማም» አለች ሲት ነፊሳ፤ ልክ ነው ማለቷ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባችም፤ ሰው የሚገርፈው ቅጣቱን ያልተቀበለውን ነው።

ሰልፉ ጠጥቶ ጨረሰ። አርባ ሁለቱ ጣሳ ያህል ተረፈ።

«ለነገ ይቀመጥ» አለ አቶ ልመንህ።

«ወተት ለነገ?» አለች እትየ ድንቄ። «በገዳሪፍ ፀሐይ?» ባልዲውን በእጄ አስያዘችኝ። «በየድንኳኑ ውስጥ ያሉትን እናድላለን። መዝገብህን ይዘህ ና ከፈለግህ፣ አያ ልመንህ፤ የሌሉትን አንተ ታጠጣቸዋለህ።»

አልመጣም። በእኛ ረድፍ ጀመርን። በየድንኳኑ ደጅ ቆማ፣ «እዚህ ማን አለ?» ትላለች። ከውስጥ ሳል ይመልሳል፤ አለዚያም እጅ ሸራውን ይነካካል። እሷ ትቀዳለች፣ እኔ አቀብላለሁ። ስንቱ እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ፤ ስምንት ድንኳን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ቆጥሬያለሁ።

ዘጠነኛው የእኛ ድንኳን ነው። ልቀድም ስል በማማሰያዋ አገደችኝ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው።

«ብርቱካን አለች?» ብላ ተጣራች።

ሳልም አልተሰማ፣ ሸራውም አልተነካ። በዚያች ቅጽበት መጽሐፌን፣ መስቀሌን፣ ያለ ቀሪ የተካፈለውን አሥራ ስምንቴን ሁሉ ረገምሁ። ከዚያ ሸራው ከታች ተነሣና ባዶ ኩባያ የያዘች ቀጭን ክንድ ወጣች።

«አለሁ።»